«ተማሪ ይለማመድብኝ?» ያሉት እናት

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር። ዋናውን ይዤ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ በአስተናጋጅነት የምሠራ የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ከጎንደር ገጠር ከመጣች ሁለተኛ ወሯ ነው። ዕድሜዋ 58 ነው። ደም ብዛት አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች። የቀኝ የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሌሊት አያስተኛትም። ቅርንፉድ ትይዝበታለች። እኔም ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛሁ እሰጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉንጯ አብጦ ነበር፣ አሁን ጎድሏል።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ራጅ አነሷትና ‹ሩት ካናል ተሠርቶ፣ ማለትም የጥርሱ ሥር ውስጡ ተጠርጎ ተሞልቶ፣ ይሸፈናል፣ 14 ሺህ ብር› አሉኝ። የኔ ደሞዝ ከነቲፑ 6 ሺህ አይሞላም። የጤና መድን አገር ቤት አላት፣ እዚህ ግን አይሠራም ተባልን። የአዲስ አበባ መታወቂያ ስለሌላት እዚህም አይመዘግቧትም።

አንዲት የካፌው ደንበኛ መሀል ከተማ ያለ አንድ የኮሌጅ ማስተማሪያ ክሊኒክ ጠቆመችኝ። ተማሪዎች ናቸው የሚያክሙት፣ መምህር ይቆጣጠራቸዋል፣ የሚያስከፍሉት ለዕቃው ብቻ ነው አለችኝ። ሄድን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ስድስት ተማሪዎች ከበቧት። አንዱ አይቶ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ስሟን የጠየቃት የለም። በመጨረሻ አንዱ ‹ይነቀላል› አላት። እናቴ ተነሥታ ወጣች። በር ላይ ‹የላይ ጥርስ ተነቅሎ ዓይኔ ይጥፋ? ደግሞስ ተማሪ ይለማመድብኝ?› ብላ አለቀሰች። ግቢያችን ውስጥ ያሉ ሴትዮ ይህን ሰምተው ‹የድሃ አፍ የተማሪ ደብተር ነው› አሏት። ከዚያ ወዲህ የክሊኒኩን ስም መስማት አትፈልግም።

ዕቁቤን ሰብሳቢውን ለምኜ ቀድሜ ባወጣ ለግሉ ክሊኒክ ይበቃኛል። ግን የቤት ኪራይ የማስበው በሱ ነው። መልሼ ልውሰዳት ወይስ ዕቁቡን ላውጣ? ብመልሳትስ በድህነቷ አዋረድኳት ማለት አይሆንም?

ልጅዎ፣ ከፒያሳ»

ልጄ፣

ከጥያቄሽ በፊት ስለ እብጠቱ ላውራሽ። ጉንጫቸው ጎደለ ብለሽ እፎይ እንዳትይ። የተበላሸ ጥርስ እብጠት ይመጣል፣ ይሄዳል። መግሉ መውጫ ሲያገኝ ይጎድላል፣ ሕመሙም ጋብ ይላል። ምንጩ ግን ሥሩ ላይ እንዳለ ነው። አንቲባዮቲክ ቢወስዱም ለጊዜው ነው። ጥርሱ በወጉ ካልታከመ ወይም ካልተነቀለ ይመለሳል። ስለዚህ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶ ዓይናቸውን መክደን ከጀመረ፣ አንገታቸው ሥር ካበጠ፣ አፋቸውን መክፈት ወይም ምራቃቸውን መዋጥ ካቃታቸው፣ ካተኮሳቸውና ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ የማንንም ወረፋ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ። ድንገተኛ ሕመምተኛን «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ መመለስ አይፈቀድም። ይህን ያስቀደምኩበትን ምክንያት ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መልሼ ልውሰዳት ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ውሰጃቸው። ዕቁብሽን አትንኪ። ግን በመጀመሪያው ቀን እንደሄዳችሁት አትሂዱ። ያን ቀን የሄዳችሁት ውለታ እንደሚቀበል ሰው ነው። አሁን የምትሄዱት ጠይቆ እንደሚታከም ሰው ነው።

እኔ 11 ዓመት የሠራሁት እንዲህ ባለ ክሊኒክ ነው፣ የጥርስ ነርስ ሆኜ። ስለዚህ እናትሽ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ከወንበሩ ማዶ ሆኜ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም።

ያኔ አትክልት ተራ ገና ፒያሳ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት ድንች ነጋዴ መጣች። ሥራዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው። የጥፍሯ ሥር አፈር ነበረው። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። ሕመሟ የታችኛው መንጋጋ ላይ ነው። መምህሩ ጎበዝ አስተማሪ ነበር። አምስት ተማሪ ሰብስቦ ያስረዳቸው ጀመር። ጥርስ ማያዋ መስተዋት ከእጅ እጅ ዞረች። እኔ መብራቱን ይዣለሁ። 40 ደቂቃ ያህል አፏን ከፍታ ቆየች። የሚቀጥለው ትምህርት ሰዓት ደረሰና ተማሪዎቹ ወጡ፣ መምህሩም ተከትሏቸው ወጣ። ሴትዮዋ ቀና አለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ጨረሳችሁ? እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና ወጣች።

ምንም አልተደረገላትም ነበር። መታየቱ ራሱ ሕክምና መስሏት ነው የሄደችው። እኔ ደግሞ ቀጠሮ ልታሲዝ ወደ ካርድ ክፍል የሄደች መሰለኝ። በ12ኛው ቀን ልጇ ደግፎ አመጣት። አንገቷ ሥር አብጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሄደች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፣ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝታ ነው። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። መምህሩ ያስተምር ነበር፣ ልጆቹ ይማሩ ነበር፣ እኔ መብራት ይዤ ነበር። «እማማ፣ ገና ነው፣ ይጠብቁ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አላልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልተውኩም። ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማን እንደሚያክመው፣ ዛሬ ምን እንደሚደረግለትና መቼ እንዳለቀ በአማርኛ እንዲነገረው አደርግ ነበር። አንዳንዱ መምህር በኔ ይሰላች ነበር። ይሰላች።

እናትሽ የሆኑትም ይኸው ነው። ሕክምናው መጥፎ ነበር ለማለት አልችልም፣ ገና አልተጀመረምና። ያጡት የሚያናግራቸው ሰው ነው። ስማቸውን የጠየቀ የለም፣ ፈቃዳቸውንም የጠየቀ የለም። ይህ የክሊኒኩ ጥፋት ነው። የናንተ ድህነት ያመጣው አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ደንብ ቁጥር 299 ሐኪም ሕመምተኛውን አስረድቶ ፈቃዱን እንዲያገኝ ያዛል። «ከፍሎ ለሚታከም ብቻ» የሚል ነገር የለበትም።

ክሊኒኩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ። የሚያስፈራው አለማወቁ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ታሪክ ይወስዳል። መቼ ጀመረ፣ ሌላ በሽታ አለ ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ይላል። አይቶ ያሰበውን ካርድ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ይቆማል። መምህሩ መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ መስተዋት ይይዛል፣ ራሱ ጥርሱን ያያል፣ ራጁን ወደ ብርሃን ያነሣል። ከተስማማ ይፈርማል። ማደንዘዣው ከተወጋ በኋላ ድዱን በመሣሪያ ነካ አድርገው «ይሰማዎታል?» ይላሉ። ከሥራው በኋላም መምህሩ ተመልሶ ያያል። ለዚህ ነው የግል ክሊኒክ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው እዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጀው። ጊዜው ይሰለቻል። ግን ያ ጊዜ አንድ ጥርስ በሁለት ሰው ዓይን የሚታይበት ነው። ብዙ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሁለተኛ ዓይን የለም።

እናንተ ያጣችሁት ያን ሁለተኛ ዓይን ነው። «ይነቀላል» ያላቸው ማን ነበር? ተማሪ ወይስ መምህር? ተማሪ ብቻውን ከሆነ፣ ያ ገና ሐሳብ ነው። ውሳኔ የሚሆነው መምህሩ አይቶ ሲፈርም ነው።

ማወቅ ያለብሽ ሌላም ነገር አለ። ውስጥ ያለን ሰዎች ጮክ ብለን አንናገረውም። ተማሪ ከመመረቁ በፊት በቁጥር የሚሞላው ሥራ አለ። ይህን ያህል መንቀል፣ ይህን ያህል መሙላት ይባላል። መንቀል የጎደለው ልጅ የተቦረቦረ ጥርስ ሲያይ መንቀል ይታየዋል። ክፋት የለበትም፣ ወጣት ነው፣ ፈተና ደርሶበታል። መቆጣጠሪያው መምህሩ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሲመጣ አንቺ ራስሽ ጠይቂ፣ «ዶክተር፣ የእርስዎ እናት ቢሆኑ ምን ያደርጉላቸው ነበር?» በይው። በ11 ዓመቴ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጎ የመለሰ መምህር አላየሁም። ሁሉም ቆም ብለው መስተዋቷን ደግመው ያነሣሉ።

መነቀሉ ትክክል ሊሆንም ይችላል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው። በውስጡ ያሉት ቀጭን ቦዮች ሦስት ወይም አራት ናቸው። ሁሉንም ጠርጎ መሙላት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይፈልጋል። ለጀማሪ ተማሪም አይሰጥም። ከዚያ በላዩ ላይ ካልተሸፈነ ጥርሱ ሲያኝኩበት ሊሰነጠቅ ይችላል። የግሉ ክሊኒክ 14 ሺህ ያለሽ የሁለቱን ሥራ ነው። ዋጋው ውሸት አይደለም። ግን የጥርሱ ግድግዳ አብዛኛው ካለቀ፣ 14 ሺህ ብር አውጥተሽ የሚቆይበት ዘመን አጭር ሊሆን ይችላል። እዚያ ያነሷቸውን ራጅ ይዘሽ ሂጂ። የከፈልሽበት ነው፣ ስጡኝ በያቸው። ማስተማሪያው ክሊኒክ ሌላ ራጅ ከማንሣት ትድኛለሽ።

ስለ ዓይናቸው ፍርሃት በሳቅ እንዳታልፊው። ይህን ያልሰማ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ትልልቅ ሰው የላይ ጥርሱን ይዞ ዓመታት የሚሰቃየው በዚህ ነው። የላይ መንጋጋ ጥርስ ሥር ከዓይን ነርቭ ጋር አይገናኝም። ከሥሩ በላይ ያለው የጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ነው፣ ሳይነስ የምንለው። ጥርሱ ሲነቀል ዓይን አይጎዳም። ይልቅ ዓይንን የሚያሰጋው ሳይነቀልና ሳይታከም የቆየው የላይ ጥርስ ነው። መግሉ ወደ ላይ ከሄደ የዓይን አካባቢን ያሳብጣል። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፣ «እማ፣ ለዓይንሽ ብለሽ ነው የምትታከሚው»።

አንድ ሌላ ነገርም ንገሪያቸው። የጥርስ ክሊኒክ ስትገቡ የሚሸታችሁ ሽታ ቅርንፉድ ነው። ከቅርንፉድ የሚወጣውን ዘይት ለጊዜያዊ መሙያ የሚያቦኩበት ዱቄት ውስጥ ስለሚጨምሩት ነው። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፣ እናትሽ ያወቁትን ነው የያዙት። ግን ሥሩ ላይ ያለውን መግል አይደርስበትም። አረቄ ወይም የተፈጨ ኪኒን ግን ድዱ ላይ እንዳያደርጉ፣ ያቃጥለዋል። አንቺም የምትገዥውን ማስታገሻ ስሙን አንብቢ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ ደም ብዛት ላለበት ሰው አይመከርም፣ ግፊት ያስነሣል፣ ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ጨጓራ ይጎዳል። እስከ ቀጠሮው ድረስ ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳታሳልፊ። የጉበት ችግር ካለባቸው ግን ቀድመሽ ፋርማሲስቱን ጠይቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። «በድህነቷ አዋረድኳት ማለት አይሆንም?» ያልሽው።

ግቢያችሁ ያሉት ሴትዮ የተናገሩት ቃል ይቆጠቁጣል። እኔንም ቆጥቁጦኛል። ያቺን ድንች ነጋዴ ያየ ሰው ቢለው አልፈርድበትም። ግን እውነቱ እንዲህ አይደለም። ጥቁር አንበሳ ማስተማሪያ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሕክምና ኮሌጅ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12ም እንዲሁ። ከየክፍለ ሀገሩ ከባድ በሽታ ይዞ ሪፈር የሚጻፍለት ሰው፣ ገንዘብ ያለውም የሌለውም፣ እነዚህ በሮች ላይ ነው የሚደርሰው። ውስጥ ሲገባ ተማሪ፣ ኢንተርን (ሊመረቅ ልምምድ ላይ ያለ)፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ያየዋል። እናትሽ ከጎንደር ከመጡ ደግሞ የጎንደሩን የቀድሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬውን ዩኒቨርሲቲ፣ ያውቁት ይሆናል። በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ነው ያስተማረው። በእናትሽ አካባቢ ሕፃን የከተበ፣ ወባ ያከመ ባለሙያ መጀመሪያ የተማረው የአንድ ገበሬ ወይም የአንዲት እናት ክንድ ላይ ነው። ያ የግል ክሊኒክ ሐኪምም አንድ ቀን የአንድ ሰው አፍ ላይ እጁ ተንቀጥቅጧል።

ስለዚህ እናትሽ እዚያ ሲቀመጡ ይሰጣሉም። ልጆቹ ከሳቸው ይማራሉ፣ እሳቸው ከነሱ ይታከማሉ። ማንም ማንንም አልመጸወተም። የሚያዋርደው ሳይጠየቁ መነካት ነው። ያ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

እኔ የምፈራው ይሉኝታቸውን ነው። የእናቶቻችንን ጠባይ ታውቂዋለሽ። መርፌው ሳያደነዝዛቸው «ይሰማዎታል?» ሲባሉ «ምንም አይደል ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» ይላሉ። በነፃ ወይም በትንሽ ብር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መጠየቅ ውለታ መርሳት ይመስላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ እንባቸው ወደ ጆሯቸው እየወረደ «አላመመኝም» ሲሉ አይቻለሁ። ማደንዘዣ ለመጨመር የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዝም ሲሉ ግን ተማሪው ደነዘዘላቸው ብሎ ይቀጥላል። ያኔ እሳቸውም ይሰቃያሉ፣ ልጁም ስህተት ይማራል። እናትሽን ከቤት ሳትወጡ አስለምጂያቸው። ካመማቸው ግራ እጃቸውን ያነሣሉ። ተማሪውንም «እናቴ ግራ እጇን ስታነሣ አቁምላት» በዪው። ያቆማል።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቂ። በትሕትና፣ ግን ጠይቂ። «ስምህ ማነው፣ ስንተኛ ዓመት ነህ፣ የሚቆጣጠርህ መምህር ዛሬ አለ ወይ?» መምህሩ ከሌለ ጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ኑ። «ዛሬ ምን ልትሠራላቸው ነው፣ ሌላ አማራጭስ አለ ወይ?» ደግሞም «ስንት ቀጠሮ ይፈጃል፣ በጠቅላላው ስንት ያስወጣናል?» የዛሬውን ብቻ እንዳይነግሩሽ፣ እስከ መጨረሻው ጠይቂ። «ለእናቴ በአማርኛ ንገሩልኝ፣ ከእንግሊዝኛው በፊት» ብትዪም ነውር የለውም። መሣሪያው ከታሸገበት ከረጢት ፊታችሁ ሲወጣ እዪ። ይህን የግል ክሊኒክም ስትሄጂ እዪ።

ስድስት ሰው መክበቡ ካስጨነቃቸው «ሁለት ይበቁናል» ማለት ትችላላችሁ። መብታቸው ነው። አንድም ተማሪ አይንካኝ ካሉ ግን ያ ክሊኒክ ቦታው አይደለም፣ ቤቱ የቆመው በተማሪ እጅ ነውና። ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩና ሂዱ። ያም ሆኖ እምቢ ካሉ አታስገድጃቸው። ያኔ የግሉን ክሊኒክ የመንቀያ ዋጋ ለብቻው ጠይቂ። ለሩት ካናልና ለሽፋኑ ከጠሩልሽ በብዙ ያነሰ ነው። ዕቁብሽንም ላያስነካሽ ይችላል።

ቀኑን ስትመርጪ ከትምህርት ቤቱ ዘመን ጋር አስቢበት። ተማሪ በፈተና ሰሞን አይገኝም፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ይዘዋወራል፣ ክረምት ይበተናል። ብዙ ቀጠሮ የሚፈልግ ሥራ ከሆነ ግማሽ ላይ የሚቀር ነገር አለ። «አንተ ብትዘዋወር ማን ይረከባቸዋል?» በዪው፣ ስሙንና የካርድ ቁጥራቸውን ስልክሽ ላይ ያዢ። መንቀል ከሆነ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፣ ይህ አያሳስብሽ። ካፌው ግን ያን ቀን ሺፍት እንዲቀይርልሽ ቀድመሽ ለምኚ። ግማሽ ቀን ፈቃድ አይበቃሽም።

በዋዜማው ሰፈራችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ግፊታቸውን አስለኪ። የላይኛው ከ180 ወይም የታችኛው ከ110 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥርስ አይነቅሉላቸውም፣ መልሰው ይልኳችኋል። የደም ብዛት ኪኒናቸውን በዚያ ጠዋት እንዳይተዉ። ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ፣ ስሙን ከምትነግሪያቸው ቢያዩት ይሻላል። ቁርስም ይብሉ። እናቶቻችን እዚህ ላይ ያስቸግራሉ። ጾም ከሆነ እስከ ቀትር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ይመጣሉ። ባዶ ሆዱን፣ ያውም ፈርቶ ማደንዘዣ የሚወጋ ሰው ሊያዞረው፣ ሊወድቅም ይችላል። ብዙ እናት እጄ ላይ ወድቃለች። የንስሐ አባታቸውን ቀድመው ያማክሩ። ለታመመ ሰው መፍቀድን እነሱም ያውቁበታል።

ከተነቀለላቸው ጥጡን ነክሰው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ታክሲ ውስጥ ሆነው አውጥተው ደም መኖር አለመኖሩን እንዳያዩ። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ አይትፉ፣ ትኩስ ቡናም ይቅርባቸው። ቡናው እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። በማግስቱ ለብ ባለ ውኃ ጨው አድርገው ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። ደሙ በግማሽ ሰዓት ካልቆመ ሌላ ንጹሕ ጥጥ ያስነክሷቸው። ያም ካላቆመው ተመለሱ። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ቀድመሽ ጠይቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋቸው ይቀላል።

ስለ መድኑ ጥቂት ልበልሽ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ጀምሮ አሠራሩ በአብዛኛው በወረዳ ነው። ካርዱ የሚሠራው ያ ወረዳ ውል ባለው ተቋም ነው። የሚጀመረውም ከጤና ጣቢያ ነው፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ላይ። ለዚህ ነው የእናትሽ ካርድ እዚህ ዋጋ ያጣው። አገር ቤት ሲመለሱ ግን እንዳይተዉት፣ መዋጮውን በየዓመቱ በወቅቱ ያድሱ። ለደም ብዛታቸው የሚጠቅማቸው እሱ ነው። አንቺም የወረዳ መታወቂያ ካለሽ ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ከወረዳሽ ጤና መድን ክፍል ጠይቂ፣ በዓመት አንዴ ነው፣ ካለፈሽ ዓመት ትጠብቂያለሽ። መክፈል ለማይችል መንግሥት መዋጮውን የሚሸፍንበት መንገድም አለ። ይህን ሁሉ ስልሽ ግን መድን ኖሮ ቢሆን ኖሮ እያልሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር መድን ያለውም ሰው ከኪሱ ነው የሚያሠራው። እኛ ክሊኒክ ወረፋ ከሚይዘው ብዙው ካርድ ያለው ሰው ነበር።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቢ ስለ ክሊኒኩ አታንሺባቸው። መጀመሪያ «ያን ቀን ትቼሽ ቆምኩ፣ መናገር ነበረብኝ» በያቸው። እኔ ለድንች ነጋዴዋ ሳልለው የቀረሁትን አንቺ ለእናትሽ በዪው። ከዚያ «አብሬሽ እገባለሁ፣ እጅሽን ይዤ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ አቁሙ ስትዪኝ አስቆማቸዋለሁ» በያቸው። ብዙው ክሊኒክ አንድ አስታማሚ ያስገባል። አይገባም ካሉሽ ነርሷን ፈልጊ። ነርሷ ታስገባሻለች።

ጉንጫቸው እንዴት እንዳደረ ጻፊልኝ።